ሁለት ሴንቲ ሜትር አንጀት፣ ሁለት ፔፕታይድ፦ የኦርጋን ባዝ ማስታወሻ

ሳምንት 1

አሮጌውን ኦርጋን ባዝ ከዕቃ ክፍል አወጣሁት። አራት የመስታወት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 10 ሚሊ ሊትር ይይዛል ተብሏል። አንዱ ከሥሩ ተሰንጥቋል። የሌላው ማፍሰሻ በደረቀ ጨው ተደፍኗል። የተደፈነውን ቀጠን ባለ አሴቲክ አሲድ ዘፍዝፌ አሳደርኩት፣ ጠዋት ተከፈተ። የተሰነጠቀውን ተውኩት። በሦስቱ እሠራለሁ።

ሥራው ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። የትንሹ አንጀት መጨረሻ ክፍል ኢሊየም ይባላል። ከጊኒ ፒግ ኢሊየም 2 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ይወሰድና በሞቀ ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ይንጠለጠላል። የታችኛው ጫፍ መንጠቆ ላይ ይታሰራል። የላይኛው በክር ከትራንስዲውሰር፣ ማለትም ጉተታን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ከሚቀይር መሣሪያ፣ ጋር ይያያዛል። አንጀቱ ሲኮማተር ክሩን ይጎትታል፣ ስክሪኑ ላይ መስመሩ ይነሳል። ሙቀት፣ ኦክስጅንና ስኳር ካገኘ ከሰውነት ወጥቶም ለሰዓታት ይሠራል። ሩዶልፍ ማግኑስ ይህን በ1904 ካሳየ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም።

ጥያቄዬ አጭር ነው። ሳብስታንስ ፒ እና ኮሌሲስቶካይኒን (ከዚህ በኋላ ሲሲኬ) ፔፕታይድ፣ ማለትም አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት፣ ናቸው፤ ሁለቱም ይህን አንጀት ያኮማትራሉ። ጡንቻውን በቀጥታ ነው የሚነኩት ወይስ ነርቭ ቀስቅሰው? ሲሲኬ ከምግብ በኋላ ከአንጀት ግድግዳ ወደ ደም የሚገባ ሆርሞን ነው፤ ሐሞት ከረጢትን ይጨምቃል፣ ቆሽትን ኢንዛይም ያስመነጫል። ግን ነርቭ ውስጥም ይገኛል። ሳብስታንስ ፒ በዋናነት የነርቭ ነው። አንጀት ውስጥ በሆርሞንና በኒውሮፔፕታይድ (ነርቭ በሚለቀው ፔፕታይድ) መካከል ያለው ድንበር ቀጭን ነው። በዚህ ሥራ ልቤን የሚይዘው እሱ ነው።

ለዚህ ተብሎ የሚገደል እንስሳ የለም። ሌላ ቡድን ፈቃድ ባለው ጥናት ልብና ሳንባ ይወስዳል፣ አንጀቱ ይጣል ነበር። ማክሰኞና ሐሙስ እኛ እንቀበላለን።

ውሃ አሙቂውን 37 ዲግሪ ላይ አድርጌ አበራሁት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩን መስታወቱ ውስጥ ስከት 34.6 አነበብኩ። ሙቀቱ መንገድ ላይ እየጠፋ ነው። ቱቦዎቹን በስፖንጅ ጠቀለልኩ፣ አሙቂውን 38.8 ላይ አደረግኩት። አሁን ውስጡ 37 ነው። ዋናው ነገር የውስጡ ቁጥር ነው፣ የማሽኑ አይደለም።

ሳምንት 2

አንጀቱ የሚንጠለጠልበት ጨዋማ ፈሳሽ፣ የክሬብስ ፈሳሽ፣ ቀን። ለአንድ ሊትር 6.9 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ 0.35 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 2.1 ግራም ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ 2 ግራም ግሉኮስ፣ ትንሽ ማግኒዚየም ሰልፌትና ፖታሲየም ፎስፌት። መጨረሻ ላይ ካልሲየም።

ካልሲየሙን ስጨምር ፈሳሹ ደፈረሰ። እንደ ተበረዘ ወተት ሆነ። ሁለት ሊትር ደፋሁ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ባይካርቦኔት ያለበት ፈሳሽ ጋዝ ሳይገባበት ከቆየ አልካላይን ይሆናል። በዚያ ፒኤች ካልሲየም ከፎስፌትና ከካርቦኔት ጋር ተያይዞ ዝቃጭ ይሆናል። መጀመሪያ ካርቦጅን፣ ማለትም 95 በመቶ ኦክስጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ለ15 ደቂቃ ይነፋበታል። ፒኤቹ 7.4 አካባቢ ሲደርስ ካልሲየሙ ቀድሞ በውሃ ሟሙቶ ቀስ ብሎ ይገባል። ሁለተኛው ዙር ጥርት ብሎ ወጣ።

ሐሙስ ሌላ ስህተት አገኘሁ። የካልሲየም ክሎራይዱ ብልቃጥ ላይ "ዳይሃይድሬት" ይላል። እኔ የመዘንኩት ውሃ እንደሌለበት አድርጌ 0.28 ግራም ነው። ዱቄቱ ግን ከራሱ ጋር የታሰረ ውሃ አለው። ስለዚህ 2.5 ሚሊሞላር (በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የሞለኪውል ብዛት መለኪያ) ያልኩት 1.9 ነበር። ትክክሉ 0.37 ግራም ነው። ጡንቻ የሚኮማተረው በካልሲየም ነውና ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም።

የባዙ መጠንም ሌላ ጣጣ ነው። "10 ሚሊ ሊትር" የተባለውን መስታወት በውሃ ሞልቼ፣ ውሃውን አውጥቼ መዘንኩት። 11.4 ግራም። እንዲሁ ብጀምር ኖሮ መድኃኒቴ ሁሉ በ12 በመቶ ቀጭን ይሆን ነበር። የ10 ሚሊ ሊትሩን ልክ በማይጠፋ ቀለም አሰመርኩበት። ለሦስቱም።

ትራንስዲውሰሩን በ0.5፣ በ1 እና በ2 ግራም ክብደት አስተካከልኩት። ከተበራ በኋላ ለ40 ደቂቃ ያህል መስመሩ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ ይረጋል። ስለዚህ ላቦራቶሪ ስገባ በመጀመሪያ የማበራው እሱን ነው።

ሳምንት 3

የመጀመሪያው አንጀት መጣ።

ወደ ትልቁ አንጀት የሚጠጋውን 10 ሴንቲ ሜትር ጣልኩት፤ ያ ክፍል ምላሹ ከቀሪው ይለያል። ውስጡን በፒፔት፣ ያለ ግፊት፣ በክሬብስ አጠብኩ። ቆረጥኩ። መርፌው ቀዳዳውን እንዳይዘጋው አንዱን ግድግዳ ብቻ ወግቼ አሰርኩ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ጎትቼው ተቀደደ። ሁለተኛው ተሰቀለ።

የጥጥ ክር ተጠቅሜ ነበር። ጥጥ ሲረጥብ ይለጠጣል። አንድ ግራም አድርጌ የተውኩት ውጥረት በ20 ደቂቃ 0.6 ሆኖ ጠበቀኝ። አንጀቱ የላላ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የላላው ክሩ ነው። በሐር ክር ቀየርኩት።

በአንድ ግራም ውጥረት ለአንድ ሰዓት አሳረፍኩት፣ በየ15 ደቂቃው ፈሳሹን እየቀየርኩ። የጊኒ ፒግ ኢሊየም ጥሩ ባሕርይው ይሄ ነው፦ ካልነኩት ዝም ይላል። የጥንቸል አንጀት ቢሆን ራሱን በራሱ ሲወዛወዝ ይውላል። እዚህ ግን መስመሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ትንሽ ነገርም ይታያል።

ካርባኮል፣ ነርቭ የሚለቀውን አሴቲልኮሊን የሚመስል መድኃኒት፣ ሰጠሁት። መስመሩ ከመቅጽበት ተነሳ፣ 4 ግራም ደረሰ። ሳጥበው ወረደ። ደግሜ ሰጠሁት፣ ያንኑ ያህል ተነሳ። በጣም ደስ አለኝ። ሕይወት አለው፣ ጤነኛም ነው።

ከዚያ ሳብስታንስ ፒ። 1 ናኖሞላር (የሚሊሞላር አንድ ሚሊዮንኛ)፦ ምንም። 3፦ ምንም። 10፦ በጭንቅ የሚታይ። 100 ላይ ትንሽ ብድግ ብሎ ተመለሰ። ይህ ቁራጭ በጥቂት ናኖሞላር መኮማተር ያለበት ነው። ለካርባኮል እንደዚያ የዘለለ አንጀት ለሳብስታንስ ፒ እንደ ድንጋይ ዝም አለ።

ማክሰኞ እንዲህ ሆነ። ሐሙስም እንዲሁ።

ሳምንት 4

ይህን ሳምንት በዝርዝር እጽፋለሁ። ከሁሉም ያስተማረኝ እሱ ነው።

መጀመሪያ አንጀቱን ጠረጠርኩ። ግን ካርባኮሉ ይሠራል። ቀጥሎ የድሮውን ቱቦ። ሲሊኮን ቱቦ መድኃኒት ይመጥጣል፣ ቀደም ሲል ማን ምን እንዳሳለፈበት አይታወቅም። ቱቦዎቹን በሙሉ ቀየርኩ። አንደኛው ክፍል ለካርባኮል ይሰጥ የነበረው ምላሽ ተሻሻለ፤ የቱቦው ችግር እውነት ነበር ማለት ነው። ሳብስታንስ ፒ ግን ያው።

ስለዚህ የቀረው ፔፕታይዱ ራሱ ነው።

የላብ ጓደኛዬ ደብተሬን ተቀብላ አገላበጠችና፣ "ይሄን ብልቃጥ ስንት ጊዜ አቅልጠኸዋል?" አለችኝ። ቆጠርኩ። ስድስት። አንድ ሚሊ ግራም አሟሙቼ ባንድ ቱቦ አስቀምጬ፣ በየቀኑ እያቀለጥኩ፣ እየቀነስኩ፣ መልሼ እያቀዘቀዝኩ ነበር። ሳብስታንስ ፒ 11 አሚኖ አሲድ ነው፤ የመጨረሻው ሜቲዮኒን ነው። ሜቲዮኒን በኦክስጅን ይበላሻል። ተቀባዩ (በሴሉ ገጽ ላይ ፔፕታይዱን የሚይዘው ፕሮቲን) ውስጥ የሚገባው ደግሞ በዋናነት ያ ጫፍ ነው።

"ምን ዓይነት ቱቦ ውስጥ ነው የምታቀጥነው?" አለች ቀጥላ። ተራ ፕላስቲክ፣ በተጣራ ውሃ። ዝም ብላ አየችኝ። ገባኝ።

ገባኝ ብዬ ግን አላለፍኩም። በአንጀቱ ላይ ፈተንኩት። ከአዲስ ብልቃጥ 10 ማይክሮሞላር አዘጋጀሁ። ግማሹን በተራ ቱቦ፣ በውሃ። ግማሹን ፔፕታይድ በማይዝ ቱቦ፣ 0.1 በመቶ አልቡሚን (የደም ፕሮቲን) ባለበት ፈሳሽ። ሁለቱንም በረዶ ላይ አስቀመጥኩ። ከሁለቱም ወዲያው፣ ከዚያም ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ወደ ባዙ 10 ማይክሮ ሊትር ጨመርኩ። በባዙ ውስጥ 10 ናኖሞላር ይሆናል።

አልቡሚን ያለበት፦ ወዲያው 2.9 ግራም፣ ከሰዓት በኋላ 2.8። ተራው ቱቦ፦ ወዲያው 1.7፣ ከሰዓት በኋላ 0.5።

እዚያው ቱቦ ውስጥ፣ ማንም ሳይነካው፣ ፔፕታይዱ እየጠፋ ነበር። ውሃ በላው እንዳልል ውሃው ንጹሕ ነው። የበላው ግድግዳው ነው። ሳብስታንስ ፒ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው፣ ባንድ ጫፉም ውሃ የማይወድ ሞለኪውል ነው። ፕላስቲክም መስታወትም ላይ ይለጠፋል። ብዙ ሲሆን የተለጠፈው አይታወቅም። ናኖሞላር ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኛው ግድግዳ ላይ ቀርቷል። እኔ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ሳቀጥን፣ በየደረጃው አዲስ ግድግዳ እያቀረብኩለት ነበር። ሦስት ቱቦ፣ ሦስት ጊዜ ኪሳራ። 1 ናኖሞላር ብዬ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ስንት እንደነበር ዛሬም ማንም ሊነግረኝ አይችልም። ያ መረጃ በሙሉ ተሰርዟል።

አልቡሚኑን ባዙ ውስጥም ልጨምር ብዬ ሞከርኩ። ስህተት ነው። ካርቦጅኑ ሲነፋበት አረፋ ሆኖ ከመስታወቱ አፍ ፈሰሰ፣ ክሩ ላይ ወጣ፣ መስመሩም ተርገፈገፈ። አልቡሚን በማቅጠኛ ቱቦ ብቻ ይበቃል።

አንድ ተጨማሪ። ከብልቃጡ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ "የተጣራ ፔፕታይድ 80 በመቶ" የሚል አለ። ቀሪው ጨውና እርጥበት ነው። አንድ ሚሊ ግራም 742 ናኖሞል ነው ብዬ ነበር፤ በእውነት 594 ነው። ስለዚህ አዲሱን ብልቃጥ በ594 ማይክሮ ሊትር አሟሟሁት፣ 1 ሚሊሞላር ሆነ። በሃያ ሃያ ማይክሮ ሊትር ከፋፈልኩት። 29 ድርሻ ወጣው። ሁሉም በማይነስ 80 ፍሪዘር ገባ። አንድ ድርሻ አንድ ቀን ያገለግላል፣ የተረፈው ይጣላል። መጣሉ ያሳዝናል፣ ግን ከስድስት ጊዜ ማቅለጥ ይሻላል።

ኪሳራ፦ አንድ ሙሉ ብልቃጥ፣ የአራት ቀን አንጀት፣ ሁለት ሳምንት።

ሳምንት 5

ሳብስታንስ ፒ ይሠራል። 0.3 ናኖሞላር ላይ መጀመሪያ ይነቃል፣ 3 አካባቢ ግማሽ ይደርሳል፣ 30 ላይ ይሞላል። ስድስት ቁራጭ፣ ከሦስት እንስሳ። መስመሮቹ ጎን ለጎን ሲታዩ ደስ ይላሉ።

መጀመሪያ ላይ መጠኑን በላይ በላዩ እየጨመርኩ ነበር፣ ሳላጥብ። ከ10 ናኖሞላር በኋላ ምላሹ መነሳቱ ቀርቶ መውረድ ጀመረ። ተቀባዩ ደክሞ ነው። ሳብስታንስ ፒ ሲቆይበት ተቀባዩ ከሴሉ ገጽ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ለተወሰነ ጊዜ የሚቀበል የለም። ስለዚህ ወደ አንድ አንድ መጠን ዞርኩ፦ ሰጥቶ 45 ሰከንድ መጠበቅ፣ ሦስት ጊዜ ማጠብ፣ 15 ደቂቃ ማሳረፍ። አንድ የመጠንና የምላሽ ኩርባ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሌላ መንገድ የለም።

ሐሙስ ከሰዓት አትሮፒን ጨመርኩ፣ 1 ማይክሮሞላር። አሴቲልኮሊን የሚሠራበትን ተቀባይ ይዘጋል። ካርባኮል ሰጠሁ፦ ምንም። በትክክል ተዘግቷል። ሳብስታንስ ፒ ሰጠሁ፦ ተነሳ። ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ ግን ተነሳ።

ይህን ሳይ ለጥቂት ደቂቃ ሥራ አቆምኩ። ቮን ኦይለርና ጋዱም በ1931 ከፈረስ አንጀትና አንጎል ባወጡት ፈሳሽ ያዩት ይህንኑ ነው። የጥንቸል አንጀት አትሮፒን ተሰጥቶትም ተኮማተረ፤ ስለዚህ አሴቲልኮሊን ሊሆን አይችልም፣ ሌላ ነገር ነው አሉ። ምንነቱን አላወቁም። ስሙ ውስጥ ያለችው "ፒ" ከዱቄቱ የመጣች ናት። የ11ዱ አሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል የታወቀው ከ40 ዓመት በኋላ ነው፣ በነሱዛን ሊማን ሥራ። እነ ቮን ኦይለር በእጃቸው የነበረው ያልተጣራ ዱቄት፣ ክርና አንጀት ብቻ ነው። ጥያቄውን ግን በትክክል ጠይቀዋል።

ሳምንት 6

ወደ ሲሲኬ። የያዝነው ሲሲኬ-8 ነው፣ ስምንት አሚኖ አሲድ ያለው አጭሩ። ሆርሞኑ ረጅምም አጭርም ሆኖ ይገኛል፤ ሥራው ያለው መጨረሻው ላይ ስለሆነ ስምንቱ ይበቃሉ።

ከሳብስታንስ ፒ የተማርኩትን ሁሉ ተጠቀምኩ። ትክክለኛ ቱቦ፣ አልቡሚን፣ ትናንሽ ድርሻ፣ በረዶ። አንድ ልዩነት አለ፦ ሲሲኬ-8 አሲዳማ ነው፣ በውሃ ብቻ ማሟሟት ያስቸግራል። በጣም ቀጭን ባይካርቦኔት ውስጥ ጥርት ብሎ ሟሟ።

1 ናኖሞላር፦ ዝም። 10፦ ዝም። 100፦ ዝም። 1 ማይክሮሞላር ላይ ትንሽ ተነሳ፣ ከካርባኮሉ አንድ አምስተኛ ያህል።

ይህን ጊዜ አልተደናገጥኩም። የሳብስታንስ ፒ ድርሻ እዚያው ቀን እዚያው ቁራጭ ላይ ሰጠሁ፣ እንደ ልማዱ ሠራ። አንጀቱ ደህና፣ ባዙ ደህና፣ አሠራሩ ደህና። እንግዲያው ብልቃጡ።

ብልቃጡን አንስቼ መብራት ሥር አነበብኩት። ትንሽ ጽሑፍ ናት። ከስሙ በታች የሞለኪውል ክብደት፦ 1063።

የሲሲኬ-8 ክብደት 1143 መሆን አለበት። በ80 ያንሳል።

80 ሰልፌት ሲሰካ የሚጨምረው ክብደት ነው። በሰውነት ውስጥ ያለው ሲሲኬ ሁለተኛው አሚኖ አሲዱ ላይ፣ ታይሮሲን ላይ፣ ሰልፌት ተሰክቶበታል። የእኛው ሰልፌት የሌለው ነው። ያለ እሷ ፔፕታይዱ ከሲሲኬ1 ተቀባይ ጋር የሚያያዝበት አቅም በመቶዎች እጥፍ፣ ምናልባትም በሺህ እጥፍ ይወርዳል። ሁለተኛው ተቀባይ፣ ጋስትሪን የሚባለውን የጨጓራ ሆርሞንም የሚቀበለው፣ ስለ ሰልፌቱ ያን ያህል አይጨነቅም። 1 ማይክሮሞላር ላይ ያየሁት ትንሽ መነሳት ምናልባት በሱ በኩል ነው።

ትዕዛዙን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ዝርዝሩ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ነበሩ፣ ርካሹን መረጥኩ። ሰልፌት ያለው በጣም ይወደዳል፤ ለዚህ ሥራ ከተመደበው ገንዘብ የቀረው ሲሶ ለሱ ሄደ። አማካሪዬ ሲሰሙ አልተቆጡም። "የያዝከውን አትጣለው፣ ማነጻጸሪያ ይሆንሃል" አሉኝ። ልክ ናቸው። ሰልፌት የሌለው ዝም ሲል ያለው ከተናገረ፣ ምላሹ በእርግጥ በሲሲኬ1 በኩል ነው ለማለት አንድ ማስረጃ አገኘሁ ማለት ነው።

ሳምንት 7

ትዕዛዝ ጥበቃ። የአንጀት ቀናቱን ለማነጻጸሪያ ተጠቀምኩባቸው።

ኢሊየሙን በክሬብስ 4 ዲግሪ ላይ ማሳደር ይቻላል ሲባል ሰምቼ ነበር። ሞከርኩ። በማግስቱ ካርባኮል ላይ ምላሹ ምንም አልቀነሰም። ሳብስታንስ ፒም ደህና ነው። ነርቮቹ ግን? በአጭር የኤሌክትሪክ ምት ስነካው፣ ያደረው ቁራጭ ከትኩሱ ደካማ ሆነ። ጡንቻው ቢያድርም ነርቩ ይጎዳል። የእኔ ጥያቄ ስለ ነርቭ ስለሆነ ያደረ አንጀት አልጠቀምም።

ሳምንት 8

ሰልፌት ያለው ደረሰ። መጀመሪያ ክብደቱን አነበብኩ፦ 1143።

1 ናኖሞላር ጨመርኩ። ሦስት አራት ሰከንድ ምንም። ከዚያ መስመሩ ተነሳ፣ ወጣ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። የሳብስታንስ ፒ አነሳስ ለስላሳ ነው፣ አንድ ኮረብታ። የሲሲኬ ጫፍ ጥርስ ጥርስ አለው። በዓይን ብቻ ይለያያሉ። ደብተሬ ላይ መስመሩን በእርሳስ ገልብጬ ሣልኩት።

ኩርባው ከ0.1 እስከ 30 ናኖሞላር ሞላ። አሁን ወደ ጥያቄው።

ቴትሮዶቶክሲን ነርቭ ምልክት እንዳያስተላልፍ ያደርጋል፣ ጡንቻውን ግን አይነካም። አደገኛ መርዝ ነው። በድርብ ጓንት፣ በተቆለፈ ሣጥን፣ በፊርማ ነው የሚወጣው። በባዙ 0.3 ማይክሮሞላር አድርጌ 15 ደቂቃ ጠበቅኩ።

ሳብስታንስ ፒ፦ ከሞላ ጎደል እንዳለ።

ሲሲኬ፦ ጠፋ። 10 ናኖሞላር ላይ እንኳ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ከአራት እንስሳ በስምንት ቁራጭ ደገምኩት። ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚናገሩት። ሳብስታንስ ፒ ጡንቻውን በቀጥታ ይነካል። ሲሲኬ ግን እዚህ አንጀት ላይ ጡንቻውን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ቀስቅሶ ነው። በቁመትና በዙሪያ በሚሄዱት የጡንቻ ሽፋኖች መካከል የነርቭ መረብ አለ፤ ከሰውነት ተቆርጦ የወጣው 2 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ያን መረብ ይዞት መጥቷል። ባዙ ውስጥ አንጎል የለም፣ የአከርካሪ ነርቭ የለም፣ ውሳኔው ግን እዚያው ይወሰናል።

ቤይሊስና ስታርሊንግ በ1902 ሴክሬቲንን ሲያገኙ መንገዱ የተገላቢጦሽ ነበር። የአንጀቱን ነርቮች ቆርጠው አሲድ ሲያስገቡበት ቆሽቱ ፈሳሹን አመነጨ። ነርቭ ከሌለ መልእክቱ በደም ነው የሄደው አሉ። ሆርሞን የሚለው ቃል ራሱ ከሦስት ዓመት በኋላ በስታርሊንግ ንግግር ነው የተሰማው። እኔ ደግሞ እንደ ሴክሬቲን ከአንጀት የሚወጣ አንድ ሆርሞን ይዤ፣ ነርቭ ሲዘጋ ሥራው ሲቆም አየሁ። ሁለቱም እውነት ነው።

ሳምንት 9

ነርቩ ሲቀሰቀስ ምን ይለቃል? የመጀመሪያው ተጠርጣሪ አሴቲልኮሊን ነው። አትሮፒን ሰጥቼ ሲሲኬ ደገምኩ። ምላሹ በጣም ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። ሲሶ ያህል ቀረ። ያ ቀሪ ዘግይቶ ይጀምራል፣ ጫፉም ለስላሳ ነው።

ለስላሳ ጫፍ። ይህን ቅርጽ አውቀዋለሁ። የሳምንት 5ን ደብተር ገለጥኩና ጎን ለጎን አስቀመጥኩት።

የኤንኬ1 ተቀባይን፣ ማለትም የሳብስታንስ ፒን ዋና ተቀባይ፣ የሚዘጋ መድኃኒት ከጎረቤት ላብ ለመንኩ። ለጋሶች ናቸው፣ ትንሽ ሰጡኝ። በአልኮል ነው የሚሟሟው። ስለዚህ መጀመሪያ አልኮሉን ብቻውን ሞከርኩ። ምንም አላደረገም። ከዚያ መድኃኒቱን ከአትሮፒን ጋር አድርጌ 30 ደቂቃ ጠበቅኩ። ሳብስታንስ ፒ ሰጠሁ፦ በ3 ናኖሞላር ዝም። መዝጊያው ይሠራል። ሲሲኬ ሰጠሁ።

ቀሪው ሲሶ ከሞላ ጎደል ሄደ።

ስለዚህ ሲሲኬ ነርቭ ይቀሰቅሳል፣ ነርቩ አሴቲልኮሊንም ሳብስታንስ ፒም ይለቃል፣ ሁለቱም ጡንቻው ላይ ያርፋሉ። ከሁለት ወር በፊት ሁለቱን ፔፕታይዶች ጎን ለጎን የማነጻጽር መስሎኝ ነበር። ለካስ አንዱ የሌላው መልእክተኛ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህ በሌሎች እጅ ታይቷል፣ አዲስ ነገር አላገኘሁም። በራሴ ባዝ፣ በራሴ ክር ማየቱ ግን ሌላ ነው።

እስካሁን አምስት ቁራጭ ብቻ ነው። ስምንት ሳይሞላ ግራፍ አልሠራም።

ሳምንት 10

ቪአይፒን ሞከርኩ። 28 አሚኖ አሲድ፣ በሰዒድና ሙት የተገኘ፣ ጡንቻ የሚያላላ ኒውሮፔፕታይድ። ሰጠሁት፦ ምንም። ዝም ያለ አንጀት የሚላላው ከየት ነው? መጀመሪያ መወጠር አለበት። በትንሽ ካርባኮል ወጥሬ ልሰጥ ስል፣ ውጥረቱ ራሱ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መውረድ ጀመረ። የወረደው በቪአይፒ ይሁን በራሱ መለየት አልቻልኩም። ሁለት ድርሻ ጠፋ።

ቴክኒሻኑ፣ ከሁላችንም በፊት እዚህ የነበሩ ሰው ናቸው፣ "ለማላላት ከሆነ ቴኒያውን ውሰድ" አሉኝ። የጊኒ ፒግ ሲከም (የትልቁ አንጀት መጀመሪያ፣ ከረጢት መሰሉ ክፍል) ላይ በቁመት የሚሄደው ቀጭን የጡንቻ ጥብጣብ ነው። ራሱን በራሱ ወጥሮ ይቆያል፣ ማላላት እሱ ላይ ይታያል። እስካሁን ሲከሙን ስጥለው ነበር።

ለማክሰኞ ሲከሙን ጨምረው እንዲያስቀምጡልኝ ነግሬያለሁ። ፍሪዘር ውስጥ ያለው፦ ሳብስታንስ ፒ 11 ድርሻ፣ ሰልፌት ያለው ሲሲኬ 14፣ ቪአይፒ 6። የኤንኬ1 መዝጊያው ለሦስት ቁራጭ ይበቃል፤ የሚጎድለኝም ሦስት ነው። እሱን በኢሊየሙ ቀድሜ እጨርሳለሁ፣ ቴኒያው ከሰዓት።